በዳንቴል የተሸፈነው ሰርቨር

ባለፈው ቅዳሜ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ሴንቴኒያል ከተማ ውስጥ አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ነበርኩ። የተመረቀችው የባለቤቴ የእህት ልጅ ናት። ሰው ሳህኑን ይዞ በየጥጉ እንደተቀመጠ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን አነሳና፣ "ዛሬ አብረውን የሚገኙት ጋሽ ገበየሁ በብዕራቸው መንግሥትን ያስጨነቁ፣ ዌብሳይታቸው ሁለት ጊዜ የተዘጋባቸው ታላቅ ሰው ናቸው" አለ። ጋሽ ገበየሁ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ግራና ቀኝ እጅ ነሱ። የጎረስኩት ሳምቡሳ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ጀርባዬን እየመታ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ቃሪያ ነው" አልኩት። ቃሪያ አልነበረም። ያንን ዌብሳይት ሁለቱንም ጊዜ ማን እንደዘጋው አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዴንቨር ውስጥ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችን፣ ማለትም ዌብሳይትና ፋይል የሚቀመጥባቸውን ማሽኖች፣ እጠብቅ ነበር። ሥራው ከቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ብዙ አይለይም፤ ውሃው እስከወረደ ድረስ ማንም አያስታውስሽም። ማሽኑን አፕዴት ማድረግ፣ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን፣ የሁሉንም ነገር ቅጂ ማስቀመጥ፣ በማግስቱ እንደገና ከሀ መጀመር። ወጣት ነበርኩና ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉ ዓይኔን አይሞላም ነበር።

ጋሽ ገበየሁ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ ቫኖች ነበሯቸው። ቢሯቸው ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሁልጊዜ ጎማ ጎማ ይሸታል። የዌብሳይቱ ሰርቨር እዚያው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ባለቤታቸው አቧራ እንዳይገባበት ብለው በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውታል፤ ማሽኑም መተንፈሻ አጥቶ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ከእኔ በፊት የሚጠብቀው ልጅ ሥራ አግኝቶ ሲያትል ሲሄድ፣ ጋሽ ገበየሁ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያዙኝና "መቅዲዬ፣ ለአገርሽ ስትይ" አሉኝ። የሳቸው ጽሑፍ ሁሉ "ይድረስ ለታሪክ" ብሎ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ታሪክ ራሱ ሰልችቶት ከሄደ በኋላ ነው። ለሳቸው ብዬ ቢሆን ኖሮ ያንን ደረጃ አልወጣም ነበር።

እሺ ያልኩት ለቲቸር ውብዓለም ብዬ ነው። አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ ናቸው፤ በኋላ ወሎ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተዛውረው እዚያው ያስተምሩ ነበር። "የሰባተኛ ቢ አለቃ" በሚል የብዕር ስም ለዌብሳይቱ ይጽፋሉ። የሚጽፉት ስለ ትምህርት ቤታቸው ነው፦ ዝናብ ሲጥል ድምፃቸውን ስለሚውጠው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በገበያ ቀን ስለሚቀሩት ሴት ልጆች፣ አለቃ መጣ ተብሎ ለስብሰባ ስለሚበተን ክፍል። አንድም ትልልቅ ቃል የለበትም። ከኢንተርኔት ቤት ሆነው በኢሜይል ይልኩልናል፤ ነገር እንዳይመጣባቸው ወዲያው ከራሳቸው ጋ ያጠፉታል። ጽሑፋቸው ወጥቶ ግን አይተውት አያውቁም፤ ዌብሳይቱ አገር ቤት አይከፈትም። "ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆንኩ እኮ" ብለው ጽፈውልኝ ነበር።

በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰርቨሩን ላድስ ተነሳሁ። ፓርከር ሮድ ላይ ስደርስ በረዶ ይወርድ ጀመር፤ መስታወት የሚሰነጥቀው ዓይነት። ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ተጠግቼ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ቢሮ ደርሼ ዳንቴሉን ገፈፍኩና ፋየርዎሉን፣ ማለትም ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚወስነውን ዝርዝር፣ ማንበብ ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ጎብኚ በሙሉ የሚያግድ አንድ ትእዛዝ አገኘሁ። ከጎኑ ሲያትል የሄደው ልጅ "ጋሽ ስላዘዙኝ" የሚል ማስታወሻ ትቷል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያገደን መንግሥት አልነበረም። ያገድነው እኛው ነበርን።

ጋሽ ገበየሁ በሚቀጥለው ክፍል ዶናት እየበሉ ነበር። ጠርቼ አሳየኋቸው።

"አንድ ባለጌ ነበር" አሉ፣ ጥቂት አስበው። "አገር ቤት ሆኖ ጽሑፌ ሥር እየገባ የሚሰድበኝ። ልጁን እሱን አስወግድልኝ ነው ያልኩት።"

"ልጁ አገሩን በሙሉ ነው ያስወገደው፣ ጋሼ። አሁኑኑ ልክፈተው?"

ስኳሩን ከጣታቸው ጠረጉ። "ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?"

"እኔና እርስዎ።"

"እንግዲያው ይቆይ። በዓሉ የፊታችን እሑድ ነው፤ ሰው ተጠርቷል።"

በዓሉ ዌብሳይቱ የታገደበት ሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ አንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። ኬኩ ላይ በጥቁር ክሬም የቁልፍ ሥዕል ተሥሏል። ጋሽ ገበየሁ ክራቫታቸውን አስተካክለው "ባይፈሩን ኖሮ ባልዘጉን!" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊቴ የተቀመጠች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች እንባዋን ጠረገች። ጋሽ ገበየሁ ቢያንስ ዓይኔን አይተው ያፍራሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይኔን አይተው ኬክ ላኩልኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁና ያችን የእገዳ መስመር ሰረዝኳት። ጭብጨባው ከውጭ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቲቸር ውብዓለም ኢሜይል መጣ። "ተከፈተ! ሠላሳ አንዱንም ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። አምስተኛው ላይ የፊደል ግድፈት አለ፤ አርሚልኝ" ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትም ዌብሳይቱን የዘጋው የለም። ያ ሁሉ የተፎከረበት መንግሥት ሊያግደን እንኳ አልደከመም።

አገር ቤት ያለው አንባቢ ጎረፈ። ከቲቸር ጽሑፎች ሥር ሌሎች መምህራን የየራሳቸውን ይጨምሩ ጀመር። ከጋሽ ገበየሁ ጽሑፍ ሥር ግን አንዱ "ጋሼ፣ ይሄማ ቢታገድም የሚቆጭ አይደለም" ብሎ ጻፈ። በነሐሴ መጨረሻ ቢሮ አስጠርተው "እንደ ድሮው ለአገር ቤት ዝጊው" አሉኝ።

"እርስዎ ይዝጉት" አልኩና ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ ዳንቴሉ ላይ ጣልኩላቸው።

እንደማይችሉ አውቅ ነበር። ሌላም የማውቀው ነገር ነበር፤ ማሽኑ ላይ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ ቅጂም አልተቀመጠም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። "ይበስብስ፤ የሚገባቸው ይሄ ነው" ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። መንገዱ ዳር የተጠበሰ ቃሪያ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ከረጢት ገዝቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ እየዘፈንኩ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

የገና በዓል ሳይደርስ ዌብሳይቱ የማክሲያ ክኒን መሸጫ ሆነ። ማንነቱ የማይታወቅ ሌባ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ የነበረውን በሙሉ አጥፍቶታል። ጋሽ ገበየሁ ወዲያው መግለጫ አወጡ፤ "መንግሥት በሳይበር ጥቃት ለሁለተኛ ጊዜ ዘጋን" የሚል። ሶፋዬ ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። መግለጫውን ለጓደኞቼ ሁሉ ላክኩት።

በሳምንቱ ቲቸር ውብዓለም ጻፉልኝ። "መቅደስ፣ የኔ ጽሑፎች አንቺ ጋ ቅጂ አላቸው አይደል?"

አልነበራቸውም። ጽሑፎቻቸውን የሚልኩበት የዌብሳይቱ የኢሜይል ሳጥን ራሱ እዚያው ማሽን ላይ ነበር። "ሰብረው ገብተው አጠፉት፣ ቲቸር፤ በጣም አዝናለሁ" ብዬ መለስኩላቸው። ውሸት አልነበረም፤ በሩን ክፍት ትቼ የወጣሁት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልጻፉም።

ቅዳሜ ከምረቃው እንደተመለስኩ ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ቀዳዳውን፣ ቅጂውን፣ መስኮት ከፍቼ የዘፈንኩትን ሳይቀር። 

"ገበየሁ አላዋቂ ነው፤ ምን ይደረጋል" አሉ። "አንቺ ግን ታውቂ ነበር።"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ከነድግስ ልብሴ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ገበየሁን ዛሬም እንቃቸዋለሁ፤ አልዋሽም። የምንቃቸውን ሰዎች በተራ ባሰልፋቸው ግን እሳቸው የሚቆሙት ከእኔ ኋላ ነው።