የዳኛው ጆሮ

የምሠራበት ቤት ጫካ ለሚውሉ ሰዎች ቢላ ያወጣል፤ ለዛፍ ቆራጭ፣ ለአዳኝ፣ ለደን ጠባቂ። አንጥረኞቹ አራት ናቸው፣ እጀታ ገጣሚው እኔ ነበርኩ። የተሠራውን ሁሉ መርምሮ «ይለፍ» ወይም «ይሰበር» የሚለው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወናፍ ሊነፋ ገብቶ እዚያው ያረጀ። ዳኛው እንለዋለን። ይግባኝ የለውማ።

መጀመሪያ ቢላውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በጀርባው በኩል ያያል፤ የተጣመመ እዚያው ይለያል። ቀጥሎ ስለቱና እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ የሚገናኙበትን ማዕዘን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ያ ማዕዘን ክብ ብሎ ካልተሞረደ ቢላው የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ጭራው አጥሮ የእጀታውን ግማሽ ብቻ የሚሞላ ከሆነም አይምርም። ከዚያ ቢላውን በሲባጎ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገዋል። ደህና ብረት ረዘም አድርጎ ይጮኻል። ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር የተሰነጠቀው ግን ድፍን ያለ ድምፅ አውጥቶ ዝም ይላል። ያንን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ዓይን አያየውም፣ ጆሮ ነው የሚያገኘው። የወደቀውን ሞርሳ ላይ አስሮ በሠራው ሰው ፊት ለሁለት ይሰብረዋል። ስንት ጎረምሳ አንጥረኛ ስብርባሪውን ለቅሞ ሲወጣ አይቻለሁ።

ዕድሜውን ሙሉ መዶሻ ሥር የዋለ ጆሮ ግን ይደክማል። መስማት እያቃተው መሆኑን መጀመሪያ ያወቅኩት ፊት ለፊቱ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንድ ሰሞን ጭራውን በጥርሱ ነክሶ መምታት ጀመረ፤ ንዝረቱ በአጥንቱ ይሰማዋል። አንጥረኞቹ የአዋቂ ወግ መስሏቸው ያደንቁታል። የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ያም ቀረ። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ አጠገቤ መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ እንደማይሰማ ነገረኝ። ዳኛ መባሌ ከቀረ ምን ሆኜ ቤቴ እንደምገባ አላውቅም አለ። አንጀቴን በላው። እኔ እሰማልሃለሁ አልኩት።

እንዲህ ተስማማን። ብረቱ ደህና ከጮኸ መሞረዴን እቀጥላለሁ፤ ድፍን ካለ ሞረዴን አስቀምጣለሁ። እሱ እጄን አይቶ ይፈርዳል። ሁለት ዓመት ሠራንበት፤ አንድም ሰው አልጠረጠረም፣ አንድም መጥፎ ቢላ አልወጣም።

አንድ ጠዋት ግን በሰው ፊት አዋረደኝ። ስድስት እጀታዬን ተራ በተራ አንስቶ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ጥፍሩን ሰካና፣ ለመጥረጊያ ይሆናል እንጂ ለቢላ አይሆንም አለ። አንጥረኞቹ ሳቁ። ስድስቱንም አስፈታኝ። ልክ ነበር፤ ልክ በመሆኑ ይበልጥ አረርኩ። ጆሮ የሆንኩለት ሰው እንዴት እንዲህ ያደርገኛል ብዬ ደሜ ፈላ።

ከሰዓት በኋላ ለደን ጠባቂዎች የታዘዙትን ሃያ ቢላዎች ይመረምር ጀመር። አሥራ አራተኛውን ሲመታው ድፍን አለ፤ እርጥብ እንጨት የመታ ነበር የሚመስለው። ወደ እጄ አየ። ሞረዴን አላስቀመጥኩም።

«ይለፍ» አለ አፉን ሞልቶ።

ያሰብኩት ይሄ ነው። እጀታውን ገጥሜ ዳር ላይ አኖረዋለሁ፤ ሃያው ተገጥሞ ባለቀ ማግስት በአንጥረኞቹ ፊት መትቼ አሰማና፣ ጋሼ ይሄን እንዴት አሳለፍከው እለዋለሁ። አንድ ቀን ይፈር፣ ከዚያ እንታረቃለን። በአርባ ሁለት ዓመቴ ያሰብኩት የልጅ ተንኮል ነው። እጀታውን ገጠምኩለት፤ ያውም አሳምሬ፣ ጥፍር የማያስገባ አድርጌ።

የመጨረሻው እጀታ ኮላ በደንብ ሳይደርቅ የደን ጠባቂዎቹ መኪና በር ላይ ቆመ። አንድ ቀን ቀድመው መጡ። ኃላፊያችን ሃያውንም ሳጥን ውስጥ ሲደረድር አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን በምን አወቅክ ይለኛል፤ ያን ጊዜ የሽማግሌው ጆሮም የእኔ ሥራም ይወጣል። ሳጥኑ ሲዘጋ ቆሜ አየሁ። መኪናው ከሄደ በኋላ፣ የተሰነጠቀ ሁሉ ይሰበራል ያለው ማነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኃላፊው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። እጀታው ለብቻው፣ ስለቱ ለብቻው። አንድ ደን ጠባቂ እንጨት ሊፈልጥበት ግንድ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በዱላ ሲመታው ከማዕዘኑ ተሰብሯል። እጀታውን የያዘው እጁ ግንዱ ላይ በቀረው ብረት ላይ ወድቆ ደም ሥሩ ተበጠሰ። ከመንገድ ሩቅ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲያገኙት ደሙ አልቋል። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ስብራቱን አየሁት፤ ግማሹ አዲስ ሆኖ ያበራል፣ ግማሹ ጠቁሯል። የጠቆረው ያ የሰማሁት ስንጥቅ ነው።

ኃላፊው ይሄን ያሳለፈው ማነው አለ። ዳኛው የተሰበረውን ብቻ አይቶ ጥያቄው ገባው።

«እኔ ነኝ። በደንብ ጮኾ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ» አለ።

ወደ እኔ አንዴም አላየም። እኔን ለማዳን ይሁን፣ እጄን አምኖ ይሁን አላውቅም። የቆዳ ሽርጡን ፈትቶ ወጣ። የዳኝነቱን ወንበር ለእኔ ሰጡ።

ባለፈው እሁድ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታልኝ፣ ከሰው እንደማይገናኝ፣ የሟቹን እናት ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄዶ በር እንደዘጋችበት ነገረችኝና ዕቃ ወደምታጥብበት ጓዳ ተመለሰች። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጆሮው ሥር ተንበርክኬ ለሳምንታት ያመላለስኩትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ድፍን ሲል ሰምቼው ነበር። ሆን ብዬ ነው።»

«እ?» አለ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። «ጮክ በል እንጂ።»

ጓዳ ውስጥ የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። ሚስቱ እያዳመጠች ነው። ጮክ ማለት እችል ነበር።

«ጤናህ እንዴት ነው ነው ያልኩህ!»

«ደህና ነኝ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። «አንተ ብቻ በርታ። አሁን ወንበሩ ላይ የሚሰማ ሰው ተቀምጧል።»