ኩሬው ዳር የተተከለው ጉማሬ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ መሰላል ላይ ቆሜ የአንድ ልብስ ሰፊ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነበር። በሥሬ የሚያልፍ ጎረቤቴ ቀና አለና «ታደሰ፣ የኩሬውን ሰሌዳ ላንተ አልሰጡህም እንዴ?» አለኝ።

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ...

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ጉማሬ ያለበት ኩሬ ነበር። ከሶሻሊስት አገሮች እንግዶች ሊጎበኙት ይመጣሉ ተብሎ፣ ዳሩ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ሊተከል መሆኑን ሰምቻለሁ። በከተማው ሰሌዳ የሚጽፍ ማነው ቢባል ደግሞ እኔ ነኝ። የሱቁን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የሉካንዳውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአብዮት በዓል የሌኒንን ጢም የማድሰው እንኳ እኔ ነበርኩ። ሄርማታ አንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይማ ግዙፍ ጉማሬ ስያለሁ። ሰዉ ቤቱን ለምን «በሬው ሻይ ቤት» እንደሚለው ግን አይገባኝም ነበር፤ የባለቤቱ ትከሻ ሰፊ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

እና እስኪጠሩኝ እጠብቃለሁ።

ለካ ሥራውን የሰጡት ለሳምሶን ኖሯል። ሥዕል ተምሮ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ቆዳ ጃኬት አለው። ብሩሾቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል፤ የኔ በቲማቲም ጣሳ ነው የሚዞሩት። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሽ ታደሰ» ብሎ ጎንበስ ይላል... ይሄ ትሕትናው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያቃጥለኛል።

ምን ልደብቃችሁ፣ ቀናሁ። እህል አልወርድ እስኪለኝ ቀናሁ። ይባስ ብሎ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ሌሎች ሰሌዳዎችም ሊተከሉ ነው፣ የመጀመሪያው ካማረ ሁሉም የሱ ናቸው ተባለ። እነዚያ ከሄዱ የከተማው ሠዓሊ መባሌ አበቃ ማለት ነው።

ሰሌዳው በተተከለ ማግስት ሄጄ አየሁት። ከላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ወፍራም፣ እግረ አጭር፣ ሮዝ ፍጥረት ቆሟል። ቁርጥ አሳማ ነው።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

የአካባቢው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። «በውሃችን ደጃፍ አሳማ ተከሉብን» ተባለ። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዱ ጭቃ ለጥፎበት ሄደ። ግን በዚያ ዘመን የመንግሥትን ሰሌዳ አስጠሊታ ነው ማለት ቀላል አይደለም... ፀረ አብዮት ሊያሰኝ ይችላል።

አንድ ቀን ከኩሬው ሰፈር ሽማግሌዎች አንዱ፣ አባ ገሮ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጡ።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ፤ ስብሰባ ተጠርቷል። እኛ ስንናገረው ሌላ ነገር ይመስልብናል። አንተ ቀለም ታውቃለህ፤ ሥዕሉ ልክ አይደለም በልልን።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ እሺ፣ አባ ገሮ» አልኩ። ፊቴን ጨምደድ አደረግኩ እንጂ ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ ነበር።

ስብሰባው እዚያው ሰሌዳው ሥር፣ ሣሩ ላይ ነው። ሳምሶንም ተጠርቷል። ቀድመው አባ ገሮ ተነሡ።

«ሰሌዳውን አልተቃወምንም። አብዮቱንም አልተቃወምንም። እንስሳውን ነው። ወላሂ፣ ከብቶቻችን እንኳ ውሃ ለመጠጣት ፈሩ» አሉ።

ስብሰባውን የጠራው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳቁን በሳል አሳለፈው። ተራው የኔ ሆነ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት... አንገቱ የት አለ፣ ጉማሬ እንዲህ አይቆምም፣ ሳያዩ መሳል ትርፉ ይሄው ነው። በመጨረሻ ወደ ሳምሶን ዞርኩና «ለመሆኑ ይሄን ከየት አይተህ ነው የሳልከው?» አልኩት።

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«እዚህ ዳር ብዙ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ከውሃው የሚወጣው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው። ሥራው ደግሞ ቶሎ ይድረስ ተባለ። ሄርማታ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ጉማሬ ገለበጥኩት። ባለቤቱን ስጠይቀው ጅማ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ሠዓሊ የሳለው ነው አለኝ። ሮዝ የሆነው የመፈክር ቀይና ነጭ ቀለም ብቻ ስለሰጡኝ ነው።»

የኔው ጉማሬ ነው። አባ ገሮ ወደኔ ዞሩ።

«ሻይ ቤቱ ያለው? ያ በሬ አይደለም እንዴ?»

ሊያሾፉ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኚህ ሰውዬ ከሥሩ ተቀምጠው ለዓመታት ሻይ ጠጥተዋል። ያን ጉማሬ የሳልኩት ከውሃ በላይ ያለውን አይቼ፣ ከውሃ በታች ያለውን ገምቼ ነው...

ሳምሶን ወደ ኩሬው አመለከተ። «ማናችንም ያላየነውን ለምን እንስላለን? ውሃውን ልሳል፤ ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ይበል። እንግዳውም የሚያየው ይህንኑ ነው» አለ።

«ኤዬ፣ ልክ ነው፤ የኛ ጉማሬ እሱ ነው» አሉ አባ ገሮ። ሊቀመንበሩም ተስማማ፤ ሰማያዊ ቀለም ተፈቀደ። የደዶ መንገድ ሰሌዳዎችም የሱ ሆኑ። «ጋሽ ታደሰ፣ አብረን እንሥራው» ብሎ ቢለምነኝ ጊዜ የለኝም አልኩት።

አዲሱን ሰሌዳ ለብቻዬ ሄጄ አየሁት። ሰማዩ ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ሁለቱ ጆሮዎች አሁን የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። አስጠሊታ ቢሆን ኖሮ እንዴት በወደድኩት። እንከን ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁ።

በማግስቱ መሰላሌን ተሸክሜ ሻይ ቤቱ ሄድኩና ለጉማሬዬ ሁለት ቀንድ ጨመርኩለት።