ወደቡ ላይ የቆመው ሰው

ባለፈው ሳምንት ከተማችን ውስጥ፣ ግሽ አባይ ሰፈር አንድ የቴሌቪዥን መሸጫ በር ላይ ቆምሁ። የምገዛው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ፀሐዩ ጠንክሮብኝ ጥላ ፍለጋ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስፋቱ የበር መዝጊያ ያህላል። አንድ ነጭ መኪና ቁልቁለቱን እየበረረ መጣና አጥር ጥሶ ገደል ገባ። ትንሽ ቆይቶ ያው መኪና፣ በዚያው ቁልቁለት፣ ያንኑ አጥር እንደገና ጥሶ ያንኑ ገደል ገባ። ይህን ፊልም አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን እዚሁ ከተማ ሐይቁ ዳር፣ ደንገል ከሚታጨድበት ረግረግ አጠገብ ነበር። ጧት ጧት የዓሣና የረጠበ ደንገል ሽታ በመስኮት ይገባል። አባየ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ከጥጥ ጋር ስለሚውል ከቅንድቡ ላይ ብናኝ አይጠፋም። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ከዚያም ብዙ አልገፋሁም። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ረጅም፣ ግራ ትከሻው ወደ ታች ዘንበል ያለ ልጅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የደንገል እስር ስለተሸከመበት ነው ይላሉ። አመሻሽ ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ሐይቁ ዳር ይቆማል። እማየ ለራት ስትጠራው ቶሎ አይዞርም። ደጋግማ ጠርታው ነው ቀስ ብሎ አንገቱን የሚመልስ።

ሙሉቀን ለውትድርና ተወሰደ። የምትሄዱት ቆላ ነው ስለተባሉ ካፖርቱን ትቶት ሄደ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር፣ ሙሉቀን ከጦርነቱ አልወጣም አለ። ደግሞ አንድ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው፣ የለም፣ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ ወደ ሱዳን ሊያልፍ ነው አለ። አባየ ወታደሩን አመነ። እማየ ባለጀልባውን አመነች። ቤታችን ከሁለት ተከፈለ።

በኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞትና ሬሳው ሳይገኝ ሲቀር የሚለቀሰው በልብሱ ነው። ልብሱን ለቅሶው መሃል እንጨት ላይ ይሰቅሉታል፤ ዘመድ እሱን እያየ፣ እሱን እየዞረ ያለቅሳል። ፍትሐቱም ተዝካሩም ከዚያ በኋላ ይሆናል። አባየ አንድ ቀን ካፖርቱን ከሳጥን አወጣና «ልጄ ያለ ፍትሐት ሊቀር ነው። ይሰቀልና ይለቀስ» አለ። እማየ ከእጁ ወሰደችና አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። «በቁሙ ልትቀብረው ነው?» ነው ያለችው።

ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ የቪዲዮ ዴክ ነበረው፤ አሰብ ወደብ የሚሠራ ዘመዱ ያመጣለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርድና ሰፈሩን ያስገባል። አዘውትሮ የሚያሳየን ይህንኑ የፈረንጅ የፖሊስ ፊልም ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያም እንደገና ወደ ሌላ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ስለሆነ ጥራት የሚባል ነገር የለውም። ስክሪኑ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል። የሰዉ ፊት ውሃ ውስጥ እንዳለ ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጫና አፍ አይለይም። ድምፁም አንዳንዴ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ይጎተታል። ፊልሙ ራሱ የድሀ ፊልም ነው። አንዱን የመኪና አደጋ ሁለት ጊዜ ያሳዩናል፤ መጀመሪያ ላይ በጥይት የሞተው ፖሊስ ኋላ ላይ የሆቴል ዘበኛ ሆኖ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ቋንቋውን አያውቅም፤ ግን ያስተረጉማል።

«ይኸ ደግሞ መንትያ ወንድሙ ነው» ይለናል።

«ባለፈው አጎቱ ነው ብለኸን ነበር» ይለዋል አንዱ ከኋላ።

«ዘመድ ነው አልሁህ። ዝም ብለህ እይ።»

እማየ እዚያ ቤት ለፊልም ገብታ አታውቅም ነበር። አንድ እሑድ እኔን ልትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፖሊሶቹ ሌባውን ወደብ ላይ የሚያሳድዱበት ቦታ ደርሶ ነበር። ዝናብ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ መርከብ አለ። ከሯጮቹ ኋላ፣ ውሃው ጫፍ ላይ፣ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ፊልሙን ያን ያህል ጊዜ ሳየው እሱን ልብ ብየው አላውቅም። ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል። ሁሉም ሲሮጥ፣ ሁሉም ሲተኩስ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሥዕሉ ሊያልፍ ሲል ብቻ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደኛ መመለስ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ይቆረጣል።

እማየ አልጮኸችም። «ደምሴ፣ እስቲ መልሰው» አለች።

መለሰው። ደግሞ መለሰው። ማንም ሙሉቀን ነው አላለም፤ አይደለም ለማለት የደፈረም የለም።

ቤት ስንመለስ እማየ መጀመሪያ ያደረገችው ሳጥኑን መክፈት ነው። ካፖርቱ እንዳስቀመጠችው ተጣጥፎ አለ። ዳሰሰችውና የኔንም እጅ ይዛ አስዳሰሰችኝ። ጫፉ እርጥብ ነበር። ቤታችን ውሃ ዳር ስለሆነ ክረምት ክረምት ሁሉ ነገር ይረጥባል። ያኔ ግን በጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ትመጣ ጀመር። ፊልሙን አታይም፤ ያ ቦታ እስኪደርስ ነጠላዋን ተከናንባ መሬት መሬቱን ታያለች። ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ሳይጠየቅ እየደጋገመ ይመልስላታል። ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ እየሳሳ ሄደ። ጉንዳኑ በዛ፣ መርከቡ ጠፋ፣ ፖሊሶቹ ጥላ ብቻ ሆኑ። ሰውየው ግን ለኔ እየጎላ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ አንገቱም ከሳምንት ሳምንት ትንሽ ትንሽ የበለጠ የዞረ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሐይቁ ዳር ብቻየን መቆም ፈራሁ።

በመጨረሻ አባየ የንስሐ አባታችንን መምሬ ጥሩነህን ለመናቸው። «እርስዎ አይተው ይፍረዱን» አለ። «እሱ ከሆነ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ካፖርቱ ይሰቀል።» እማየም በዚሁ ተስማማች። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ጋሽ ደምሴ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መኪናው ገደል ሲገባ አማተቡ። ሁለተኛ ሲገባ «ይኸ ሰው ከፊተኛውም አልተማረ» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

ወደቡ ደረሰ። መምሬ ጎንበስ ብለው አዩ። ሰውየው አንገቱን መመለስ ሲጀምር ዴኩ ተንጫጫ፤ ካሴቱን በላው። ስክሪኑ ጨለመ። ጋሽ ደምሴ የተጨማደደውን የካሴት ክር እየጎተተ ሲያወጣ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ፊት አላየሁም» አሉ። «ሊዞር ሲል ግን አይቸዋለሁ። በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ፍትሐት አላደርስም።»

አባየ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ካፖርቱ አላነሳም። ጋሽ ደምሴ የተበላሸውን ቆርጦ ካሴቱን ቀጠለውና ቁራጩን ለእማየ ሰጣት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ወደቡን እየዘለለ ያልፍ ነበር። «መንገዱን ሄደ እንግዲህ» አለች እማየ፣ ሰው ሸኝታ እንደተመለሰች ሁሉ። ደርግም ወደቀ፣ ከሱዳን የሚመለሰውም ተመለሰ። ሙሉቀን አልመጣም። አባየም እማየም አለፉ። ካፖርቱ አሁን እኔ ቤት ነው። ተዝካሩ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እዚያ በር ላይ የቆምሁ። ሻጩ ልጅ አይቶኝ ወንበር አወጣልኝ። «የድሮ ፊልም ነው አባባ፤ እንደ አዲስ አጥርተውት ነው። የዝናቡ ጠብታ ሳይቀር ይታያል» አለኝ። እውነቱን ነው። የፖሊሱ የኮት ቁልፍ ይታያል። ሞቶ የተነሣው ዘበኛ የለጠፈው ጢም ከዳር ተልጦ ይታያል። ልነሣ ስል ወደቡ ደረሰ።

ዝናቡ ይወርዳል። መርከቡ አለ። ውሃው ጫፍ ላይ የብረት ምሰሶ ተተክሏል። ምሰሶው ላይ የአንድ ሠራተኛ ይሁን የማን ካፖርት ተሰቅሏል፤ በአንድ በኩል ወልቆ ዘንበል ብሏል። ነፋስ ሲመጣ አንገትጌው ቀስ ብሎ ይዞራል። ሰው የለም።

ያን ሁሉ እሑድ ስናይ የኖርነው ለለቅሶ እንጨት ላይ እንደሚሰቀለው ያለ ልብስ ነው። እማየ እምቢ ያለችውን ለቅሶ በየሳምንቱ ቁጭ ብላ አይታዋለች። አሁን ካፖርቱ የሚሰቀልበት ጊዜ ደርሷል፤ የቀረሁት አልቃሽም እኔ ነኝ።

ዛሬ ሁሉ ነገር ጠርቷል። ሐይቁ ዳር እንኳ ረግረጉ ደርቆ መብራት ተተክሎበታል፤ ሲመሽ ማን እንደቆመ ከሩቅ ይለያል። ያኔ ግን በዚያ በጉንዳኑ መሃል፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ የጠፋ ሰው የሚቆምበት ቦታ አይጠፋም ነበር።

«ጥራቱ እንዴት ነው አባባ?» አለኝ ልጁ።

«ጥሩ ነው ልጄ» አልሁት። «አንድ ሰው ግን ጎድሎበታል።»