ሁለቱ የጨጓራ ቀለበቶች

ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትሮን የጓንት አጠላለቅ አሳየችኝና፣ «ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ለበሽተኛ እንዳታሳዪ» አለችኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ጥያቄ ያበዛል» አለች። ያኔውኑ አልተዋጠልኝም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ በጣም ለወፈሩ ሰዎች የጨጓራ ቀለበት ሊያስገባ ተስማማ። ቀለበቱ የጨጓራውን አናት ያጠብቀዋል፤ ሰው ጥቂት በልቶ ይጠግባል። በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ከሚቀበር ትንሽ ቋት ጋር ይገናኛል። በቋቱ በኩል በመርፌ ውሃ ሲጨመር ይጠብቃል፣ ሲቀዳ ይላላል። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ናሙና ይዞ መጣ፤ አንዱ ጠባብና ጠንከር ያለ፣ ሌላው ሰፊና ለስላሳ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ የቦዲቲዋ ቅቤ ነጋዴ ወይዘሮ ማርታ ነበሩ። ጉልበታቸው አልሸከም ብሏቸው፣ ስኳራቸውም አልወርድ ብሎ ነው የመጡት። ባላቸው አቶ ጴጥሮስ ግን በሩ ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ሲስተር፣ እባክሽ ተዪው በያት። ከከሳች እኮ ያ በሽታ ያዛት ይላሉ! እኔንም አብረው ይቀብሩኛል።»

እውነታቸውን ነው፤ በዚያን ጊዜ የከሳ ሰው ሁሉ በኤድስ ይታማ ነበር። ወይዘሮ ማርታ ሰምተዋል።

«ይበሉ! ገበያ የምወጣው በእነሱ እግር ነው እንዴ?» አሉ።

በማግስቱ ሁለቱንም ናሙና አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጠባቡን ጨመቁት፣ ሰፊውን አውራ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። ከዚያ ጋቢያቸውን ደራርበው አጠፉና ቋቶቹን ከሥር አስገብተው በጣታቸው ፈለጓቸው። የሰፊው ቋት ተለቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ አገኙት። የጠባቡ ጠፋባቸው።

«እኔ ላይ ደግሞ ስንት ጋቢ አለ!» ብለው ሳቁ።

ሐኪሙ ሲገባ የቱን እንደሚመርጥ ጠየቁት።

«ጠባቡን ለምጄዋለሁ። ሁለቱም ይሠራሉ።»

«አንተ አዲስ አበባ ሆነህ ቢጠብቅብኝ ማን ያላላልኛል?»

ሐኪሙ ናሙናዎቹን ተራ በተራ አገላበጠ።

«እንግዲያው በእጅ የሚገኘውን፣ ሰፊውን። ለዚህ ሆስፒታል ሐኪም እንዴት እንደሚላላ ሳታሳይ ደግሞ ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ አልተኛም።»

ፊቱ ቀላ፤ ግን «ልክ ነዎት» አለ።

በዚያ ሰሞን የሠራተኞች ግምገማ ስብሰባ ነበር። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ተነሳና፣ «በሽተኛ ፊት የኦፕራሲዮን ዕቃ ዘርግታለች፤ ግለ ሒስ ታድርግ» አለ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ተናድጄ ተነሳሁ።

«ግለ ሒስ የለኝም። ነገም አሳያለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ይስጡኝ!

ቀዶ ሐኪሙ የእኛን ሐኪም አሠለጠነና ሰፊውን ቀለበት አስገባ። ወይዘሮ ማርታ ቀስ በቀስ ቀለሉ፤ ሐሜቱም እንደተፈራው መጣ። እሳቸው ቅቤያቸውን መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ከወራት በኋላ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏቸው፣ እያስመለሱ፣ አቶ ጴጥሮስ ደግፈዋቸው መጡ። ቀዶ ሐኪሙ አዲስ አበባ ነበር። የእኛው ሐኪም ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ቋቱን አገኘው፣ በመርፌ የቀለበቱን ውሃ ቀድቶ አላላው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጡት፤ ወረደ። አቶ ጴጥሮስ ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ለወጣት ነርሶች የምለው ይህን ነው፦ ዕቃው የሚኖረው ታካሚው ሰውነት ውስጥ ነው። ሳያየውና ሳይነካው ወደ ኦፕራሲዮን አታስገቡት።