የአናጢው መኪናና የቁልቁለቱ ኩርባ

ነገሩ በደህና ስላለቀ አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅበታል። ያን ሰሞን ግን የሳቀ አልነበረም፤ አናጢው እንዲያውም ምግብ አልወርድ ብሎት ነበር።

አናጢው ሃምሳን የተሻገረ፣ መዳፈ ሰፊ ሰው ነው። ጓደኞቹ «ጥብቅ» ይሉታል። ጠባዩ ከባድ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የሠራው ወንበር ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። ብሎን ሲያስር ካልጮኸ አልታሰረም ባይ ነው። ይህ አመሉ በእንጨት ሥራ ስም አትርፎለታል፤ ወደ መኪና ሲመጣ ግን መዘዝ ሆነበት።

መኪናዋ ትንሽ፣ ዕድሜ የተጫናት፣ በፊት ጎማዎቿ የምትሳብ ናት። በየጠዋቱ ሚስቱን ይዞባት ወደ ሆስፒታል ይወርዳል፤ ሚስቱ አዋላጅ ናት። ቤታቸው ውስጥ ሦስት ልጆችና አማቱ አሉ። ባልና ሚስት ቁም ነገር ሊነጋገሩ ቢቀመጡ ወይ ልጅ ዘው ይላል፣ ወይ አማቱ ከወዲያኛው ክፍል «ምን አላችሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ትዳራቸው የኖረው መኪናዋ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚያ ይኮራረፋሉ፣ እዚያ ይታረቃሉ። ሦስተኛዋን ልጅ ማርገዟን የነገረችውም እዚያው፣ መብራት አስቁሟቸው ሳለ ነው።

ታዲያ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ኩርባ ሲደርሱ አናጢው መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችውም። ጎማዎቿ ዞረው ሳለ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ከግንቡ አጥር አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ሚስቱ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

«አንተን አምንሃለሁ፤ እሷን ግን አላምናትም» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች።

ቤት ውስጥ የቀራቸው ንግግር «ደህና ዋልሽ?»፣ «ጋዙ አልቋል»፣ «ልጁ አስሎታል» ብቻ ሆነ። ባዶውን ወንበር ከጎኑ ይዞ ብቻውን ይነዳ ጀመር። መኪናዋን ካላስተካከለ ሚስቱ ሳትፈታው እንደምትርቀው ገባው።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው፤ ሄዶ ቢጠይቀው ያልቅ ነበር። ግን በሚስት ወንድም ፊት ማነስ ለእሱ ትንሽ ሞት ነው። የሚንሸራተተው ፊቷ ስለሆነ ፊቷ ይጠንክር አለና ጠንካራ የፊት ሞላና አሞርዛተር፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባ አዳዲስ ላስቲክ፣ ጎሚኒ የሚሉትንም ገዛ። መኪናዋን ወርክሾፑ ውስጥ ሰቀላት፤ የሚፈታውን ፈታ፣ የሚገባውን አስገባ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን እስኪጮህ አሰረ። ሲያወርዳት እንደ አሮጌ በር አቃሰተች። ኩርባው ላይ ሲሞክራት ደግሞ ከድሮው ብሳ ወደ ውጭ ሄደች። ኩራቱን ዋጠና ወደ መካኒኩ ጋራዥ ነዳት።

መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዞ ነበር።

«እነዚህን ጎሚኒዎች ያሰርካቸው እንደተሰቀለች ነው አይደል?»

«ታዲያ መሬት ላይ ሆና በየት ልግባ?»

«ሰው እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ኮት ብትሰፋበት፣ እጁን ሲያወርድ ምን ይሆናል?»

መካኒኩ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው የታሰረ ጎሚኒ፣ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ እንደተጠመዘዘ እንደሚኖር አስረዳው። ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብስ ነበር። ፊት ጎማዎቿ ይስባሉ፣ ይዞራሉ፣ ሞተሩንም ይሸከማሉ፤ እሱ ደግሞ እነሱኑ አደንድኖ ሸክም ጨመረባቸው። መጠንከር የነበረበት ኋላዋ ነው፤ ያን ጊዜ ጅራቷ ኩርባውን ይከተላል፣ ፊቷም ትንሽ ያርፋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ቀለደበት።

የድሮውን ሞላ መለሱ። የኋላ ጎማዎቿን የሚያያይዘውንና እንዳታጋድል የሚይዛትን ብረት በወፍራም ቀየሩ። የቀረው ጎሚኒውን በራሷ ክብደት ቆማ ማሰር ነበር፤ መካኒክ ከመኪና ሥር የሚሠራበት የጋራዡ ጉድጓድ ደግሞ ውሃ ሞልቶታል። እዚህ ላይ አናጢው ነቃ። ከወፍራም ጣውላ አራት መወጣጫ ሠራ፤ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማባቸው ሰው ከሥሯ ገባ። መካኒኩ ጣውላውን በጫማው ረግጦ ሞከረውና «ይህስ ያንተ ነው» አለ። አናጢው ብሎኑን አንድ ዙር ሊጨምርበት ሲል ግን መካኒኩ እጁን መታው።

ሚስቱ ወንድሟ መኪናዋ እንደዳነች ሲምልላት እንኳ ቶሎ እሺ አላለችም። ገብታ የተቀመጠችው በአውቶቡስ ወረፋ የተሰላቸች አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ስለ ትናንትና ማታ መንታ ወላጅ ማውራት ጀመረች።

«ሁለተኛውም ወንድ ነው ስለው አባትየው...»

ኩርባው መጣ። አናጢው ትንፋሹን ያዘ፣ መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወዳሳያት አዞረች፤ ኋላዋ ተከተላት።

«...ወንበሩን ይዞ ወደቀ። እናትየው ከነድካሟ ትስቅ ጀመር።»

አናጢው ጥግ ይዞ አቆመ።

«ምነው? ተበላሸች?»

«የለም። ኩርባውን አልፈነው ነው።»

ሚስቱ ዞራ በኋላው መስታወት ያለፉትን ኩርባ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከደረቷ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። «ያላወራሁህ ብዙ ነው።»