የጎደለችው አንዷ

ልጄ ብሬና ፌሚኒስት ነኝ ማለት የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ያስተማረቻት አያቷ፣ የእኔ እናት አርሊስ ነበረች። እናቴ የመንደራችን አስተማሪ ሳለች እኔን አርግዛ ሆዷ ገፋ ሲል፣ ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ የክፍሏን ቁልፍ ተቀብሎ አሰናበታት። ይህን ለብሬና ደጋግማ ነግራታለች።

ብሬና ለመምረጥ በደረሰችበት ዓመት ለፕሬዝዳንትነት ከሚወዳደሩት አንዷ ሴት ነበረች፤ ዋናው ተፎካካሪዋ አንድ ሴናተር ነበር። ሰማንያ አራት ዓመት የሆናት እናቴ የኦክስጅን ጠርሙሷን እየጎተተች «ሴት ስትመረጥ ሳላይ አልሞትም» ትል ነበር። ብሬና ግን ሴትየዋ አገረ ገዢ ሳለች የገጠር ማዋለጃዎችን መዝጋቷን አልረሳችም። ብሬና ተቀጥራ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብራት የምትሠራ ልጅ ሆስፒታል ሳትደርስ መኪና ውስጥ ወልዳ ሕፃኑ ሞቶባታል።

«ቀሚስ ስለለበሰች ብቻ ልምረጣት?» አለች እራት ላይ።

«ሱሪ ስለለበሰ ብቻ ስንቱን መረጥኩ እኮ» አለች እናቴ።

«ማዋለጃውን ዘጋችው፣ አያቴ!»

«ሴናተርሽ መጥቶ ሊያዋልድሽ ነው?»

እኔ ሳቅሁ። ብሬና አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንዳልወሰነች ትነግረኝ ነበር።

እኛ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ውስጥ የፓርቲያችንን እጩ የምንመርጠው በአዳራሽ ተሰብስበን፣ በምንደግፈው ሰው ማዕዘን ቆመን በመቆጠር ነው። ማን የት እንደቆመ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ከተሰበሰበው ሰው አሥራ አምስት በመቶ ያልሞላ ማዕዘን፣ የጎደለውን ከሌላው ለምኖ ካላመጣ ይበተናል።

ስብሰባው በዚያው የስፖርት አዳራሽ ሆነ። ብሬና የአያቷን ጠርሙስ እስከ እኛ፣ የሴትየዋ ደጋፊዎች ማዕዘን ጎተተችላት፤ ተጣጣፊ ወንበሯን ዘረጋችላት። ከዚያ ወደ ሴናተሩ ማዕዘን ሄደች።

«እግሯን ቄጠማ ያድርገው» አለች እናቴ፣ ልጅቷ እንድትሰማ አድርጋ።

የእኛን ማዕዘን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ እየነካሁ ዞርኩ። አሥራ ስድስት። ሊቀ መንበሩ ዱዌን ደመረ፤ ሴናተሩ ሰባ፣ ሦስተኛው እጩ ሃያ ሦስት፣ እኛ አሥራ ስድስት። ድምሩ መቶ ዘጠኝ፤ በር ላይ የተመዘገበው ሰው ግን መቶ አሥር ነበር።

«አንዱ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቷል» አለ ዱዌን። ሁልጊዜም አንዱ ይወጣል። «ከአሥራ ሰባት በታች አይሆንም። አንድ ጎደላችሁ። አሥር ደቂቃ አላችሁ።»

ከሴናተሩ ማዕዘን አንድ ጎረምሳ «መጦሪያው ውስጥ ትርፍ አሮጊት አይጠፋም፣ ሂዱና አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ብሬናም ሳቀች፤ ወይም ፊቷ እንደዚያ መሰለ። እናቴ አየቻት። በእጇ ጠራቻት።

ብሬና አዳራሹን አቋርጣ መጣች።

«ስንት ጎደለን?» አለች እናቴ።

«አንድ።»

«አንዷ ማን ነች?»

«አያቴ፣ በሰው ፊት እንዲህ አታድርጊኝ።»

«እኔንም በሰው ፊት ነው ያደረጉኝ። እዚሁ።»

«እኔ አይደለሁም ያባረርኩሽ!»

«እስከ ዛሬ አልነበርሽም።»

ብሬና ወደኔ ዞረች። እኔ ወረቀቴን አየሁ። እያለቀሰች ወደ ሰባዎቹ ተመለሰች።

አሥር ደቂቃው አለቀ። የእኛ ሰዎች ካፖርታቸውን አንስተው ተበተኑ። እናቴ አልተነሳችም።

«ወይዘሮ አርሊስ፣ ወደ አንዱ ካልሄዱ አልቆጥርዎትም» አላት ዱዌን።

«መቁጠር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «ዜሮ ብለህ ጻፍ።»

ከዚያ ወዲያ ብሬናን አላናገረቻትም። ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ በየቀኑ እየመጣች ጠርሙሷን ትቀይርላታለች፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ብሬና ውሃ ስታቀርብላት «የሴናተሩን ውሃ አልጠጣም» አለችኝ፣ ለእኔ። በስድስተኛው ሳምንት ሞተች።

ከቀብር መልስ ለቤተሰቡ ምሳ ሳቀርብ ሰው ቆጥሬ ሳህን ደረደርኩ። ዘጠኝ። ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ማንኪያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ወንበርም ሳህንም የለኝም።

«እማ ደግሞ!» አለች ብሬና። «ሁልጊዜ ራስሽን ትረሻለሽ።»

ዘጠኙን ሳህን አየኋቸው። ከዚያ ያን ቀን የነካኋቸውን ትከሻዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ። የማንም ሰው እጅ የኔን ትከሻ አልነካም። ሲጋራ ሊያጨስ የወጣ ሰውም አልነበረም።

ብሬና ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አንዳንዴ ሳህን ስናጥብ «አንድ ሰው ብቻ እኮ ነበር የጎደለው፣ እማ» ትለኛለች። እኔም «ተይው አሁን» እላትና የታጠበውን አቀብላታለሁ።