ባለሦስት ፊደል አድራሻ

በካርታ ቢሮው ሦስተኛ መስኮት የምትቀመጠው ሴትዮ ጥቁር ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በላዩ አንድ ትልቅ የበር ቁልፍ በክር አንጠልጥላለች። ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚከፍተው በር የለም።

ኮምፒዩተሩ የየቤቱን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ወደ ሦስት ፊደል ይለውጣል። ሰው ያን ሁሉ ቁጥር ከሚሸመድድ፣ «ቤቴ ለሙሬ ነው» ብሎ ይገላገል ተብሎ ነው። ማሽን ግን ነውር አያውቅም። ስድብ ሆኖ የወጣውን ስም ከዝርዝሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የምትሰርዘው እሷ ናት። ሦስት ቀን ስመላለስ አይቻታለሁ፤ «ጅላሎ»ን እንኳ ለስድብ ይቀርባል ብላ አላሳለፈችም።

ዛሬ ከፊቴ የተሰለፉት ባለከረባት ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«የወንድሜ ሚስት፣ የቤቱ ስም ሳትሰርዢው አምልጦሽ ነው አይደል?»

«የትኛው ቤት ነው፣ ጌታዬ?» አለች ቁልፉን እየዳበሰች።

«አሁን አጥተሽው ነው? ስድስት ዓመት ኖረሽበት የለ!»

«ወንድምዎ በተቀበረ በሳምንቱ አስወጡኝ። ከዚያ ወዲህ ረስቼዋለሁ። ስሙን ይንገሩኝና ልፈልገው።»

ሰውዬው ዞር ብለው ሰልፉን አዩ። ላባቸውን ጠረግ አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ «ቀማኛ» አሉ።

ሴትዮዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ገጠመችው።

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ። ጮክ ብለው ይድገሙት።»